በየጎፍ ጫካ ባለ ጥቁር ቆቧን ወፍ እንዴት ማየት ይቻላል

ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ጫካ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማትገኝ ዘማሪ ወፍ አለች። ራሷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ደረቷና ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ጀርባዋ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ኦሪዮለስ ሞናካ ነው፤ ሞናካ በላቲን መነኩሲት ማለት ነው። ጥቁር ቆብ ያጠለቀች ትመስላለችና ስሙ ይስማማታል።

ክረምቱ አልፎ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ የጫካውን ጥበቃዎች አስቀድመው አነጋግረው፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይግቡ። ደማቅ ልብስ አይልበሱ። የሩቅ ማያ መነጽር የሚገዙ ከሆነ 8 እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል። 10 እጥፉ የእጅዎን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል፤ እኔ በእሱ ቅጠል ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ዋናው ፈተና ድምፁ የመጣበትን ዛፍ ማግኘት ነው። ዜማዋ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ዋሽንት ነፊ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲሞክር፣ መጨረሻው ላይም ውሃ ከጠባብ አንገት እንስራ ሲንቆረቆር ይመስላል። እንዲህ ያለ የጠራ ፉጨት ሸለቆ ውስጥ አቅጣጫ ያሳስታል፤ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ከግራ ይሰማል። ስለዚህ አይሂዱ፤ ይቁሙ። ዓይንዎን ጨፍነው፣ መዳፍዎን ከጆሮዎ ኋላ አድርገው፣ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እኩል እስኪሰማ ድረስ ራስዎን በቀስታ ያዙሩ። ያኔ ፊትዎ ወደ እሷ ነው። ከዚያ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው የዛፉን አናት ይመልከቱ። ቢጫ ቀለም አይፈልጉ፤ ፀሐይ የመታው የወይራና የዝግባ ቅጠል ሁሉ ቢጫ ነው። የሚፈልጉት ነፋስ ሳይኖር የሚነቃነቅ ቅርንጫፍ ነው።

በስልክ የተቀዳ ድምፅ አሰምቶ መጥራትን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ወዲያው መጣች፤ ግን አልዘመረችም። ከራሴ በላይ ሆና፣ ግዛቷን ሊነጥቅ የመጣ ባላንጣ ፍለጋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች በሻካራ ድምፅ ትቆጣ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ረፋድ ድረስ በዚያ ሸለቆ ፉጨት አልሰማሁም። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ብትሆን ጫጩቶቿን ትታ ከእኔ ስልክ ጋር ስትጣላ ነበር ማለት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥቁር ራስና ቢጫ ሆድ ስላዩ ብቻ አገኘሁ አይበሉ። በመንደር ዛፎች ላይ በጋራ ተንጫጭተው ጎጆ የሚሸምኑትም ወፎች ወንዶቻቸው እንዲሁ ናቸው። መንቁሩን ይዩ፤ የእነሱ ጥቁርና ወፍራም፣ የእሷ ግን ቀላ ያለና ረዘም ያለ ነው። ወንዷና ሴቷ በመልክ ስለማይለያዩ በዚያ አይድከሙ።

ፍሬ ያፈራ ሾላ ካገኙ ከሥሩ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ለፍሬውም ለትሉም ትመጣለች። እኔ በቅርብ ያየኋት፣ አባ ጨጓሬ በመንቁሯ ይዛ ከቅርንጫፉ ጋር ደጋግማ ስታላጋው ነው። ዋጠችው፤ መንቁሯን በግራና በቀኝ በቅርፊቱ ላይ ጠረገች፤ ከዚያም ዘመረች።