የጋራውን የፍሎው ሳይቶሜትሪ ማሽን እንዴት እንጠቀም?

ፍሎው ሳይቶሜትር ሴሎችን በፈሳሽ ውስጥ አሰልፎ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፋል። ወደ ፊት የሚበተነው ብርሃን የሴሉን መጠን ያሳያል። ወደ ጎን የሚበተነው ደግሞ ውስጡ ምን ያህል ፍሬ ፍሬ እንደሆነ ይናገራል። ሴሉ ላይ ያለውን ምልክት መርጦ የሚይዘው ፕሮቲን፣ አንቲቦዲው፣ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ ከነጭ የደም ሴሎች ሲዲ4 የሚባለው የቱ፣ ሲዲ8 የሚባለው የቱ እንደሆነ ይለያል። ማሽኑ ውድ ስለሆነ ብዙ ተመራማሪ አንዱን ይጋራል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ መሄድ ግድ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን የሚይዘውን ባለሙያ አነጋግሩ። ስንት ሌዘር እንዳለው፣ የትኞቹን ቀለሞች እንደሚያነብ ጠይቁ። አንቲቦዲ ማዘዝ ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ ስንት ጊዜ ተጠብቆ የመጣ ቀለም ማሽኑ የማያነበው ሆኖ ሲገኝ ያማል። ኤቲካል ክሊራንስ፣ ማለትም የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ፣ በእጃችሁ ይኑር። ቀጠሮ የሚያዘው በኮምፒውተር ከሆነ ሰዓቱን ሁለቴ እዩ፤ 9:00 የሚለው የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ደሙ ጥቁር አንበሳ ተቀድቶ ስድስት ኪሎ የሚሠራ ከሆነ የፒያሳን መጨናነቅ አስቡት። ቲዩቡ በማያፈስ ዕቃ፣ ዕቃው በጠንካራ ሳጥን ይግባ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ግን ይዛችሁ አትግቡ። ለሲዲ4 የሚሆን ሙሉ ደም በረዶ አይንካው፤ በክፍል ሙቀት ቆይቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ጥሩ ነው። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ ናሙና ከሆነ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ኮንትሮል ላይ፣ ማለትም ውጤቱን የምናመሳክርባቸው ቲዩቦች ላይ፣ አትሰስቱ። ያልተቀለመ አንድ ቲዩብ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ ለብቻው አንድ ቲዩብ ያስፈልጋል። የአንዱ ቀለም ብርሃን ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ይህን የምናስተካክለው በኮምፔንሴሽን ነው። አንድ ጊዜ ጊዜ አጠረኝና የነጠላ ቀለም ቲዩቦቹን ትቼ ሄድኩ። ናሙናው ተነበበ፣ ውጤቱን ግን ማመን አልቻልኩም። ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም ባከነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሞተ ሴል የሚለይ ቀለምም ጨምሩ። የሞተ ሴል ያገኘውን አንቲቦዲ ሁሉ ስለሚይዝ ያሳስታል።

ከቀለም በኋላ ቲዩቦቹን ከብርሃን ጠብቁ፤ አሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። ከዚያ ናሙናውን በ40 ማይክሮን ማጥለያ አሳልፉ። ይህችን አትዝለሏት። አንድ የተጣበቀ የሴል ጓል ቱቦውን ሲዘጋው ከእናንተ በኋላ ቀጠሮ የያዘውም ቀኑን ያጣል።

ማሽኑ ጋ ስትደርሱ ማሽኑ በቢድ፣ ማለትም ለመፈተሻ በተሠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ የሚደረግለትን የዕለቱን ፍተሻ ማለፉን ጠይቁ። የብርሃን መቀበያዎቹን ቮልቴጅ ባልተቀለመውና በነጠላ ቀለሞቹ ቲዩቦች አስተካክሉ፣ ኮምፔንሴሽን ሥሩ፣ ከዚያ ወዲያ ቮልቴጁን አትንኩት። ስንት ሴል ማንበብ እንዳለባችሁም አስሉ። የምትፈልጉት ሴል ከሺህ አንድ ከሆነ፣ ከ10,000 የምታገኙት 10 ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር መከራከር አይቻልም፤ ከፍ አድርጉት።

ስትጨርሱ ባለሙያው ባዘዘው መጠን የተበጠበጠ በረኪና አሳልፉ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ። ፋይላችሁን መብራት ሳይሄድ በሌላ ቦታም ገልብጡ። የገጠማችሁን እንከን፣ ትንሽ ብትመስልም፣ መዝገቡ ላይ ጻፉ። ነገ ጠዋት የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።