ላብራቶሪ መግባት ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ፒፔት

ባዮሎጂ ወይም ሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቃችሁ ጅማ ሥራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሞለኪውላር ባዮሎጂም ሆነ የአንጎል ጥናት ላብራቶሪ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚያየው እጃችሁን ነው። ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) ላይ በፒፔት፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ በሚቀዳው የእጅ መሣሪያ፣ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር (የሊትር ሚሊዮንኛ) ብቻ የምትቀዱበት ጊዜ አለ። እጅ ከሳተ ውጤቱ ገደል ገባ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ስስ ሚዛን ላይ ትንሽ ዕቃ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ በፒፔቱ 100 ማይክሮሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩበት። 100 ሚሊግራም አካባቢ መምጣት አለበት። አሥር ጊዜ ደጋግሙት፣ ቁጥሩን ጻፉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን 87 አመጣሁ! ለካ አውራ ጣቴን ከፒፔቱ መጫኛ ላይ ቶሎ እየለቀቅኩ አየር አስገባ ነበር።

ከዚያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ቡና ጋብዙትና "ናሙና ላግዝህ" በሉት። (እምቢ የሚል አላየሁም፤ ሁሉም ጊዜ አጥሮታል።) አንጎል ላይ ማተኮር ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ኢብሮ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአንጎል ምርምር ድርጅት ለአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ሥልጠና ያዘጋጃል፤ ማስታወቂያውን ተከታተሉ።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ "ታታሪ ነኝ" አትበሉ። "ከ40 ናሙና ዲኤንኤ አውጥቻለሁ፣ 6ቱ አልሠሩም፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር" በሉ።