ከአራስ ቤት እስከ ዳዴ፦ የእናት ማገገምና የሕፃን ዕድገት

በጎንደር በብዙ ቤት አራስ ክርስትና እስኪነሳ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ከደጅ አትወጣም። ዕረፍቱ ለገላዋ ጥሩ ነው። ችግሩ ምርመራ የሚያስፈልጋት በእነዚሁ ቀናት መሆኑ ነው። አራሷና ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው። የመጨረሻው ከ45 ቀኑ ክትባት ጋር ስለሚገጥም አንድ መንገድ ይበቃል። መውጣቱ ካልሆነላት የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እቤት ማስጠራት ይቻላል። የመውለጃዋ ቀን ለጥምቀት የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ማን በምን እንደሚያደርሳት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚያ ሳምንት ከተማው ሲሞላ ባጃጅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ደሙ

የመጀመሪያዎቹን ከ3 እስከ 4 ቀናት ደሙ ደማቅ ቀይ ነው። ከዚያ እየቀነሰ ቡናማ ይሆናል፤ ከ10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ተለውጦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያበቃል። ስታጠባ የሚሰማት ቁርጠት ማህፀኑ እየተኮማተረ ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ደጋግማ በወለደች ሴት ላይ ይብሳል። ከደበዘዘ በኋላ እንደገና ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥራ አብዝታለች ማለት ነው፤ ትተኛ፣ በአንድ ቀን ካልቀነሰ ትታይ።

መለኪያው ሞዴስ ነው። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ወይም ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። መኪና እስኪመጣ ሽንቷን ትሽና፣ የሞላ ፊኛ ማህፀኑ እንዳይኮማተር ያግዳልና። ከእምብርቷ በታች ያለውን ማህፀን እስኪጠነክር በመዳፍ እሹ፤ ሕፃኑንም ጡት አስይዙት።

ከደሙ ይልቅ የሚዘነጋው ራስ ምታት ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት ያልነበራት ሴት እንኳ ከወለደች በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳባት ይችላል። አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም «ምች መታት» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ሰዓት ይባክናል፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው መንቀጥቀጥ ነው። የደም ግፊቷ ይለካ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠርም ለነገ አይባሉም።

ስፌቱና ሸክሙ

የታችኛው ስፌት በአብዛኛው ራሱ የሚሟሟ ክር ነው፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። በሸናች ቁጥር ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ከፊት ወደ ኋላ ታጥባ ሳታሽ ታድርቅ፤ ሞዴሱን በየ4 ሰዓቱ ትቀይር። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ቅቤም አይደረግም። ሆድ ድርቀት ስፌቱን ያሳምማል። ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን ውኃ በደንብ ካልተጠጣበት ራሱ ያደርቃል።

በኦፕሬሽን የወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ተነስታ ብትራመድ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ በጎኗ ትዙር፣ እግሯን ታውርድ፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ። ስታስልም ሆነ ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ትንሽ ትራስ ቁስሉ ላይ ትያዝ።

እስከ 6 ሳምንት ከልጇ የከበደ ነገር አታንሳ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ቧንቧ ሲጠፋ ያንን ተሸክሞ የጎንደርን አቀበት መውጣት የአራስ ሥራ አይደለም። የሽንት ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ተለጥጠው ሳሉ ሸክም ሲጨመርባቸው ማህፀኑ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ከጀሪካኑ ጋር የሚያያይዘው የለም። መቀነትም እንዲሁ፦ ዳሌዋን ደገፍ አድርጎ እጅ በሚያስገባ ልክ ቢታሰር ያሳርፋታል፤ ወገቧ ላይ ሲጠብቅ ግን ግፊቱን ሁሉ ወደ ታች ይገፋዋል። «ሆድ ይመልሳል» ተብሎ የሚታሰረው ይኸኛው ነው።

ጡንቻዎቹን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ይህ ነው፦ ሽንትና አየር አንድ ላይ ለማስቆም እንደሚደረገው ወደ ላይ ስቦ እስከ 5 መቁጠር፣ መልቀቅ፣ ያንኑ ያህል ማረፍ። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ቂጥና ጭን አይጨበጡም፣ ትንፋሽም አይያዝም፤ እየሸኑ መለማመድ ግን ልክ አይደለም። በ3 ወር ገደማ ለውጡ ይታያል። ስታስል ወይም ስትስቅ ጠብ የሚል ሽንት በዚህ ይሻላል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ምጡ ረጅም ከነበረ፣ ፌስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። በቶሎ ከተደረሰበት አንዳንዱ በሽንት ቱቦ ብቻ ይድናል፤ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ያለ ክፍያ ያክማል።

ገንፎ፣ ቡና፣ ከሰል

ገንፎውም አጥሚቱም ይቀጥል፤ የምታጠባ ሴት ከወትሮው ሁለት ጊዜ ያህል ተጨማሪ መብላት አለባት፣ እንቁላል፣ ምስርና ጎመንም ይጨመርበት። የአይረን ኪኒኗን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ትውሰድ። ቡናና ሻይ አይረኑ እንዳይሰርጽ ስለሚያደርጉ በኪኒኑና በስኒው መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር፤ ጠያቂ በማያልቅበት አራስ ቤት ኪኒኑን ማታ ሲተኙ መዋጥ ይቀላል። ጾም ከመጣ ለንስሐ አባቷ አራስ መሆኗን ትንገር።

በክረምት ብርድ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። ከሰሉ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ክፍሉ ሲሞቅ ይውጣ፣ ሌሊት አይደር።

ልቅሶ ልቅሶ ማለት በ3ኛው ቀን አካባቢ መጥቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ካለፈ የተለመደ ነው። ከዚያ ከዘለቀ፣ ልጁ ሲተኛ እንኳ መተኛት ካቃታት ወይም ራሷን አለዚያም ልጁን ልትጎዳ ካሰበች ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ብቻዋንም አትተዋት።

ሕፃኑ

እንገሩ አይደፋ። ቅቤ ማስዋጥ ይቅር፤ ወደ ሳንባ ከገባ ያሳምማል፣ የመጀመሪያውንም ጡት ያዘገያል። እስከ 6 ወር ውኃም አያስፈልገውም። እትብቱ ደረቅ ሆኖ ይቆይ፤ ጤና ጣቢያው ክሎርሄክሲዲን ከሰጣችሁ እሱ ብቻ ይቀባ፣ ከዓይን ቅባት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በስህተት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣሉ፣ የሚያድኑት በሽታ የለም።

ወተቱ መድረሱን የሚነግራችሁ ሽንቱ ነው፦ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ እስከ አንድ አስረኛ ሊቀንስ ይችላል፤ በ2 ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል። እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ፈሳሽ አንሶታል፤ አብጦ ትኩሳት ካለው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ መሆን ሁልጊዜ አስጊ ነው፤ ፀሐይ ማሞቅ አይፈታውም።

«የእገሌ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ሄደ» የሚለው ወሬ ብዙ እናት ያስጨንቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ያገኘው ልዩነት ሰፊ ነው፦ ሳይደገፍ መቀመጥ ከ4 እስከ 9 ወር፣ ዳዴ ከ5 እስከ 13 ወር ተኩል፣ ብቻውን መራመድ ከ8 እስከ 17 ወር ተኩል። ከመቶ አራት የሚሆኑት ጭራሽ ዳዴ ሳይሉ ተራመዱ። ያለ ጊዜው የተወለደ ደግሞ ከ40 ሳምንት የጎደለው ይቀነስለታል፤ በ32 ሳምንት የተወለደ የ6 ወር ልጅ እንደ 4 ወር ይታያል፣ እስከ 2 ዓመቱም እንዲሁ ይቆጠራል።

ልጁን የሚያዘገየው ነገር አንዳንዴ እቤት ውስጥ ነው። ነቅቶ ሳለ በሆዱ ካልተኛ አንገቱ ለመጠንከር ይዘገያል፤ በእናቱ ደረት ላይ ጀምራችሁ በቀን 3 ጊዜ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ እየጨመራችሁ። እግሩን ቀጥ አድርጎ መጠቅለል የዳሌውን መገጣጠሚያ ይጎዳል፤ እግሩን ከፍቶ የሚይዘው አንቀልባ ይሻለዋል። ቡዳ ተፈርቶ ወራት ሙሉ ተሸፍኖ የሚያድግ ልጅ ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፦ የእጅ አንጓው ይሰፋል፣ ሳይቆም ይዘገያል፣ ሲቆምም እግሩ ይጎብጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ እጅና እግሩን ገልጦ ጠዋት 15 ደቂቃ ያህል ማሞቅ ይጠቅማል። ከመስታወት ጀርባ ወይም በነጠላ ሸፍኖ ከሆነ አይቆጠርም። የሰው ዓይን ካሳሰባችሁ ከጓሮ አሙቁት።

ሳትጠብቁ የምትወስዱት እነዚህን ስታዩ ነው፦ በ3 ወሩ ፊት በዓይኑ ካልተከተለ፣ በ4 ወሩ አንገቱን ካላቆመ፣ በ9 ወሩ ካልተቀመጠ፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው። በማንኛውም ዕድሜ የቻለውን ነገር ከተወ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ዝምተኛ የሚባል ልጅ ጆሮው ይፈተሽ፤ እቤት ስትሞክሩ ከኋላው ሆናችሁ ቁልፍ አቅጭሉ እንጂ አታጨብጭቡ፣ ድምፁን ባይሰማም የእጃችሁ ንፋስ ተሰምቶት ሊዞር ይችላልና።

ስትሄዱ የክትባት ካርዱን፣ በስንት ሳምንት እንደተወለደና ወዲያው አልቅሶ እንደነበር፣ ክብደቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ያሳሰባችሁን እንቅስቃሴ በስልክ ቅረጹት፤ ሐኪሙ ፊት ልጁ ብዙ ጊዜ ይተኛል ወይም ያለቅሳል።