አሻንጉሊቱን ከልጁ እጅ አትንጠቁት

ዘንድሮ ብቻ ለአራተኛ ጊዜ አየሁትና ዝም ማለት አቃተኝ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአሻንጉሊት ትርዒት ሥልጠና ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ከካልሲ የሠራቻትን ፍየል እጇ ላይ አጥልቃ ከመጋረጃ ጀርባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታወራ ሰነበተች። ፍየሏ ቀፊራ ገበያ ትወርዳለች፣ ከነጋዴ ጋር ትከራከራለች፣ ሊያታልላት ሲሞክር ታዋርደዋለች። ከዚያ እንግዶች መጡ። አሠልጣኙ ውጤት ሊያሳይ ቸኮለና «ጎበዝ! በይ አሁን አሻንጉሊቷን አስቀምጪና በራስሽ አንደበት ንገሪን» አላት። ልጅቷ ፍየሏን አስቀመጠች፤ ድምፅዋም አብሮ ተቀመጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡላት። የአዘኔታ ጭብጨባ መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

አሻንጉሊት የሚያደርገው ነገር ረቂቅ አይደለም። የተመልካቹን ዓይን ከሰውየው ፊት ላይ አንሥቶ ጨርቁ ላይ ይጥለዋል። ቃል ቢጠፋ የጠፋው ፍየሏን ነው፤ ሰው ቢስቅ የሳቀው በፍየሏ ነው። ልጅቷ በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። ጥላውን በድንገት የገፈፈ ሰው «ያ ሁሉ ያንቺ አልነበረም፤ የጨርቁ ነበር» ብሎ እንደ መሰከረባት ይቆጠራል።

አሻንጉሊቱን ማውረዱ የልጁ ፋንታ ነው። መጀመሪያ መጋረጃው ከራስ በላይ ይሁን። ከሳምንታት በኋላ እስከ አገጭ፣ ቀጥሎ እስከ ደረት ዝቅ ይበል። ከዚያ መጋረጃው ቀርቶ አሻንጉሊቱ ጭን ላይ ይቀመጥ። አንድ ቀን ልጁ ወሬው ይዞት እጁ ሲወርድና አፉ ሲቀጥል ታያላችሁ። ያን ቀን ምንም አትበሉ። አታጨብጭቡ፣ «አያችሁት!» ብላችሁ ለጓደኛችሁ አትጠቁሙ። አንዳንዱ በወር እዚህ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል። ጨርሶ የማያወርድም አለ፤ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻለዋል። ሲናገሩ የሚንተባተቡ ልጆች በአሻንጉሊቱ ድምፅ ሲሆን ምላሳቸው ሲፈታ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያልተፈታለትንም አይቻለሁ። ሐኪም አይደለንምና ፈውስ ቃል አንግባ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እኔም ስነጥቅ ነበር። ሪፖርት ነበረብኝ፤ ለሪፖርቱ ደግሞ ማይክራፎን የያዘ ልጅ ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት መልእክት ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ስለዚህ ወገኖቼ» ካላለ ትርዒቱ ያለቀ አይመስለንም። ወገኖቻችን ግን እዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ድርሰቱን ቢሮ ጽፋችሁ ለተሳታፊዎች ካስጠናችኋቸው ያገኛችሁት አሥር ሰው በቃል ሲወጣ ነው። ስለ ራሳቸው ነገር ራሳቸው ይጀምሩት፤ መጥፎ ቢሆንም ይሁን።

መጥፎ ይሆናልም። ጀማሪ አሻንጉሊት እጁ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መማታት ነው። ሕፃንም፣ ወጣትም፣ አንድ ጊዜ ያሠለጠንኳቸው ጎልማሳ የእድር ጸሐፊም ያው ናቸው፤ በአሻንጉሊታቸው የጎረቤታቸውን አሻንጉሊት በቴስታ ብለውት ከልባቸው ሳቁ። ተቆጥታችሁ አታስቁሙ። አሥር ደቂቃ ይደባደቡ፤ ሲሰለቻቸው «ምን አድርጎህ ነው የመታኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ታሪኩ ከዚያ ይመጣል።

ስለ እጅ ሥራው ብዙ አልልም፤ ሦስት ነገር ግን በየጊዜው ያናድደኛል። አሻንጉሊቱ ሲናገር የላይኛው መንጋጋ እየተነሣ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት፣ ማለትም የታችኛው መንጋጋ ነው፤ አራቱ ጣቶች ዝም ይበሉ። አንጓችሁን ወደ ታች ካላጠፋችሁ ዓይኑ ከሰው በላይ ያልፋል፤ የማያያችሁን ደግሞ ማን ያዳምጣል? ሦስተኛ፣ ክንድን ከራስ በላይ አንሥቶ ሦስት ደቂቃ መቆየት ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁ ሳትሞክሩ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ትዕይንት አትስጡ። ለአሻንጉሊቱ ዓይን ደግሞ ውድ ነገር አትፈልጉ፤ የለስላሳ ቆርኪ ድሬ ፀሐይ ላይ እንደ መብራት ያበራል።

«በአማርኛ ብቻ» ማለት ሌላው ስህተት ነው። የድሬ ልጅ በኦሮምኛ ጀምሮ፣ በሶማሊኛ ተሟግቶ፣ በአማርኛ ይጨርሳል፤ ጎረቤቱ ሐረሪ ከሆነም እሱን ይጨምርበታል። በአንድ ቋንቋ ስታስሩት ዓይን አፋር ይሆንና እናንተ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። የጎደለው ፈቃዳችሁ ነው። በሌላ በኩል፣ የአንዱን ብሔረሰብ አነጋገር ለሞኙ ወይም ለሌባው አሻንጉሊት አትስጡ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አሳልፌ፣ ከፊት የተቀመጡ አራት ወጣቶች ሳይስቁ ተነሥተው ወጡ፤ በማግስቱ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ እንስሳት ዞርኩ። እንስሳ የማንም ወገን ስላልሆነ ሰው የማይደፍረውን ይናገራል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት፣ በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኰንን ዘንድ የኖሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን ያናገሩት በከንቱ አልነበረም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተከለከለባቸውም አውሬዎቹ የሹማምንቱን ነገር ደህና አድርገው ስለተናገሩ ነው።

እንስሳም ቢሆን ግን አገር አለው። በተረት እንደለመድኩት ሆዳምና ቂል ጅብ ሠርቼ ሐረር ጀጎል ውስጥ ይዤ ገባሁ። ልጆቹ አልሳቁም። አንዱ «ጋሼ፣ ጅብ እኮ ጂን ይበላልናል» አለኝ፣ ለእንግዳ በሚሰጥ ትዕግሥት። ግንቡ ውስጥ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው፣ በዓሹራ ዕለት ገንፎ ቀርቦለት አበላሉን አይተው ስለ ዓመቱ የሚተነብዩበት ከተማ ነው። ጅቤን ለእነሱ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ጅቡ ሌሊት ከተማውን የሚጠብቅ፣ የየቤቱን ምስጢር የሚያውቅ ሽማግሌ ሆነ። ዋናውን ክፉ ገጸ ባሕርይ ማን እንዳደረጉት አልነግራችሁም፤ አሠልጣኝ ይመስላል።

ከሁሉ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ከሚኖሩ ሴቶች ጋር ስንሠራ ለወንዝ እንዲሆን ሰማያዊ ጨርቅ በሁለት በኩል ይዘን አወዛወዝን። አንዲት እናት ተነሥተው ወጡ። ደቻቱ ዓመቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ደርሶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደው እሱ ነው። ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም፤ አላሰብኩትም። ከቡናው ላይ አግኝቼ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ጨርቁ አይደለም ያስከፋኝ። ውሃው እንዲህ አልመጣም፤ ድምፁ ነው የቀደመው» አሉኝ። ሳፋ አምጥተው ጠጠር ጨምረው፣ ቀስ ብለው ማንቀርቀብ ጀመሩ፤ ከዚያ ፈጠኑ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ተውነው፤ ድምፁን የሚሠሩትም የሚመሩትም እሳቸው ሆኑ። በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ስለዚህ የሰፈሩን ቁስል ሳትጠይቁ ለጌጥ አታውጡት፤ ካወጣችሁት ደግሞ ባለቤቱ ያርመው።

ሰዓትም ልጨምር። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ልምምድ የሚጠራ ሰው ለሙቀቱ ይጫወታል፤ ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት ወዲያ ይሁን። በበርጫ ሰዓት የተመዘገበ ተሳታፊ በማግስቱ አይመጣም፤ ምርቃናው እንጂ እሱ አልፈረመም። የመጀመሪያው ተመልካችም አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳይሆን ለቡና የተጠሩ አራት ጎረቤቶች ይበቃሉ።

የመጨረሻው ስህተት አሻንጉሊቱን የመሥሪያ ቤት ንብረት ማድረግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ልጆቹ የሠሯቸውን ሁሉ ገቢ አድርጎ፣ ቁጥር ለጥፎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። በልምምዱ ቀን ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ፈቃድ ወጥቶ ጅጅጋ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች ቁም ሣጥኑን ከበው ቆሙ። እኔ ስልክ ስደውል አንዷ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በዚያ ሙቀት ካልሲ ያደረጉት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ስድስት ካልሲ ለአሥራ አንድ። ሰዓቱ ያለቀው ማን ቀኙን፣ ማን ግራውን ይውሰድ በሚለው ክርክር ነው፤ የተከራከሩት ደግሞ ካልሲዎቹ ነበሩ።