ስቴንለስ ላሜራ ስታዝዙ «304» ማለት ብቻ አይበቃም

304 የሚነግራችሁ የብረቱን ዓይነት ብቻ ነው። የምግብ ቤት ጠረጴዛ ወይም ማጠቢያ ልታሠሩ ከሆነ የላሜራው ገጽ ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቁ። በትኩሱ በሮለር ተዳምጦ በአሲድ የታጠበው፣ ቁጥር 1 የሚባለው፣ ደብዛዛና ሻካራ ነው። ለማይታይ ድጋፍ ግን ደህና ነው፤ እዚያ ላይ ለውበት ብር አታውጡ። ምግብ ለሚነካው ቦታ በቀዝቃዛው የተዳመጠውን 2ቢ ያዙ፤ ለስላሳ ስለሆነ ቅባት ቶሎ ይለቃል። ቢኤ የሚባለው ገጽ እንደ መስታወት ያበራል፣ ግን ጭረቱ ከሩቅ ይታያል። ብየዳ ካረፈበት ደግሞ ወዙን መመለስ አሳር ነው።

ብየዳ ለሚበዛበት ሥራ እኔ ቁጥር 4 የሚባለውን ገጽ እመርጣለሁ። የብሩሽ መስመር ስላለው መገጣጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት፣ በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ አሽቶ ማመሳሰል ይቻላል። ሲቆረጥም መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆናቸውን እዩ። መሸፈኛ ላስቲኩ ከሚበየደው ቦታ በቀር ሥራው እስኪያልቅ አይላጥ።