ለጓሳ ሁለት ሌሊት ስጡት

ሳፋሪ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሴሬንጌቲ ነው። ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ ዛፍ ሥር የተጋደመ አንበሳ፣ ከወንበር ሳይነሱ ፎቶ። እኔ የደብረ ብርሃን ሹፌር ነኝ። ሰው ወደ መንዝ ጓሳ ማመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደርሰን መመለስ እንችላለን አይደል?» ይቻላል። ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳታዩ ነው የምትመለሱት። ስለዚህ ጉዞውን ለሚያስብ ሰው የማውቀውን ልጻፍ።

ሴሬንጌቲ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ያለ መኪና አይሞከርም። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሔራዊ ፓርክም አይደለም፤ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ የሚጠብቀው ቦታ ነው። መኪና የሚያስፈልጋችሁ እስክትደርሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እግር ነው። አንበሳ የለም። ያለው ቀይ ቀበሮ ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ጅብራ የሚባል ተክል ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የቀሩትም አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል። ያን እንስሳ አገራችሁ ላይ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለዚህ ሁለት ሌሊት አይበዛም።

ለምን ሁለት እንደምል ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ፕሮግራሙ የአንድ ቀን ነበር። በሌሊት ተነስተው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጓሳ ደረስን። ስምንት ሰዓት ላይ ጉም ወረደ። አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጅብራ እንኳ አይታይም። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው፤ ለዚህ ጉዞ ብለው የሩቅ ማያ መነጽር ገዝተውላት። በመልስ መንገድ ላይ መነጽሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እንቅልፍ ወሰዳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያ ፕሮግራም አልሄድም ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ የደርሶ መልስ ጥያቄ ሲመጣ አልቀበልም።

እንዲህ አድርጉት። ከጓሳ ሁለት ሌሊት በፊት አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማችን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከቆላ መጥቶ በአንድ ቀን እዚያ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ምግብም ያስጠላዋል። አንድ ሌሊት እዚህ ያደረ ሰው በጣም ይቀለዋል። እዚሁ ነዳጅ ሙሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ብርድ ልብስም ካልያዛችሁ ግዙ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። የመንዝ ባና ካገኛችሁ ደግሞ ዓይናችሁን አትሹ። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ነው። ይከብዳል፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ግን ብርድ አያሳልፍም።

ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ እስከ ጣርማበር ትሄዳላችሁ። ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ሳትገቡ በስተግራ ወደ መሀል ሜዳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ትይዛላችሁ። ያ መንገድ ጓሳን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተነሳን ሳንሯሯጥ ለምሳ እንደርሳለን። በክረምት ከሆነ ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ብቻ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ከሁሉም በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ባለፉት ዓመታት አካባቢያችን ምን እንዳሳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊትና ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ፣ ሁለቴ፣ እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅር። እኔም ብዙ ጉዞ ሰርዣለሁ። ጓሳ የትም አይሄድም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጭቃና ጉም ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት በጣም ያምራል፣ ሣሩም አረንጓዴ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ውጭ የተተወ ውሃ ጠዋት ላይ በረዶ ይዞ አግኝቼዋለሁ። ጓንት፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያዙ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ባርኔጣም አትርሱ።

የማኅበረሰቡ ሎጅ ቀላል ነው። የሆቴል አገልግሎት አትጠብቁ። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ፣ ዋጋውንም ያኔ ጠይቁ። ምግብ ይዛችሁ ኑ። እዚህ ላይ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ ክክና ባቄላ ይዛችሁ እንዳትመጡ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 89 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክኩ እስኪበስል ማገዶውም ትዕግሥታችሁም ያልቃል። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ። በሶ በሙቅ ውሃና በማር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ሌላ ምግብ አይሰጥም።

የአካባቢውን ጠባቂ ሳትይዙ አትራመዱ። የመንገድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው በነሱ ነው። አያቴ እዚሁ መንዝ፣ ማማ ምድር ነበር የምትኖረው፤ የቤቷ ክዳን የጓሳ ሣር ነው፣ ገመዱም የጓሳ ነው፣ እረኛ ሆኜ ዝናብ ላይ የለበስኩት ገሳም ከዚያው ሣር የተሠራ ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ላይ ገብቶ ያጭዳል። ጠባቂ ነበረው፣ ቅጣትም ነበረው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ላላ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ጥበቃውን ያዘ። ለጠባቂና ለሎጅ የምትከፍሉት ገንዘብ ይህን ነው የሚያቆመው። ስለዚህ አትከራከሩ።

አሁን ወደ እንስሳቱ። ማታ ቶሎ ተኙ፣ ጠዋት ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሱ። ጭላዳ ገደል ላይ ነው የሚያድረው። ፀሐይ ገደሉን ስትነካ አንድ በአንድ እየወጡ ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሙቀት ነው የሚፈልጉት። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ መላጣ ቆዳ ያን ጊዜ ነው ደምቆ የሚታየው። እናንተም ከነፋሱ ተከልላችሁ ተቀመጡ። አትቁሙ፣ አትጠጉ፣ ምግብ አትወርውሩ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ቅርባችሁ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።

ጭላዳዎቹ ሣር ወደሚግጡበት ሜዳ ሲወርዱ ተከትላችሁ ሂዱ፣ ግን ዓይናችሁን እነሱ ላይ አትትከሉ። በመካከላቸው ቀይ ነገር ፈልጉ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሀል ገብታ አይጥ ታድናለች። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ላይ ተከታትለው ቆጥረውታል፤ ጭላዳ መሀል ስትሆን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን ከአራት አንዱ።

እኔ ይህን በቅርብ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ በሁለተኛው ጠዋት። ደክሞኝ ልነሳ ስል አብሮን የነበረው አዛውንት ጠባቂ ትከሻዬን ያዘኝ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ ልጄ።» ቀበሮዋ ከእኛ ሰላሳ እርምጃ ብትርቅ ነው። ግልገል የያዙ ጭላዳዎች አጠገቧ ሣር ይነጫሉ፣ ዞር ብለውም አላዩዋት። ሆዷ ሣሩን እስኪነካ ዝቅ አለች። የፊት እግሯን አነሳችና ሳታወርደው ቆየች። ጆሮዋ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ዘለለች። አይጡን በሁለት ጉንጭ ዋጠችው፣ አፏን ላሰች፣ ቀና ብላ አየችን፣ መንገዷን ቀጠለች። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ የነበሩት እንግዶች ካሜራቸውን አላነሱም።

ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ቀይ ቀበሮን በአንድ ጊዜ በብዛት የሚገድለው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጓሳ በገባችሁ በሦስተኛው ቀን ቆሻሻችሁን ሁሉ ጠቅልላችሁ መኪናው ላይ ጫኑ፤ የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን። ጣርማበር ላይ ጉም እንዳይቀድማችሁ ከአራት ሰዓት በፊት ተነሱ።