ቲሹ ሳይጎዳ የሚይዝ የላፓሮስኮፒ መያዣ እንዴት ይነደፋል?

የላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ የሚሠራ የሆድ ቀዶ ሕክምና) መያዣ ልትነድፉ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ የሚያዘው ምንድን ነው? «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ አንጀት ላይ ይበረታል፣ ያበጠና የወፈረ የሐሞት ከረጢት ላይ ደግሞ ያዳልጠዋል። የሐሞት ከረጢት ተቆርጦ የሚወጣ ስለሆነ እስካልተቀደደና ሐሞት እስካልፈሰሰ ድረስ ጠንከር ያለ አያያዝ ይችላል። አንጀት ግን እዚያው ነው የሚቀረው። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ማንም ያላየው ጭፍለቃ ከቀናት በኋላ ቀዳዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጉበትን ደግሞ ከፍ ማድረግ ወይም ገፋ ማድረግ እንጂ በመንጋጋ መቆንጠጥ አይታሰብም፤ ይቀደዳል፣ ይደማል።

ቀጥሎ የቦታውን ገደብ ተቀበሉ። መሣሪያው የሚገባው በትሮካር፣ ማለትም የሆድ ግድግዳን አልፎ በሚገባ ቱቦ ነው፤ የተለመዱት 5 ሚሊሜትር እና ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ናቸው። ትሮካሩ የሆድ ግድግዳ ላይ ስለተተከለ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። የትሮካሩ ላስቲክ ዘንጉን ይይዘዋል፣ በዘንጉ ውስጥ ያለው መጎተቻም የራሱ ሰበቃ አለው። ይሄ ሁሉ ተደማምሮ ሰርጅኑ ጫፉ ላይ ያለውን ነገር በደንብ እንዳይሰማው ያደርጋል። ስለዚህ «ሰርጅኑ ይጠነቀቃል» ብላችሁ አትንደፉ። መሣሪያው በማይሰማው እጅ ቢጨመቅም ቲሹውን የማይጎዳ መሆን አለበት።

አብዛኛውን ጊዜያችሁን መንጋጋው ላይ አጥፉ። ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ኒውተን ይጨምቃል?» ብሎ ነው፤ ኃይሉ ያረፈበትን ስፋት ሳታውቁ ግን ያ ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። 5 ኒውተን በ50 ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ 100 ኪሎፓስካል ነው። ያው 5 ኒውተን የጥርሶቹ ጫፍ ላይ ብቻ፣ 10 ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ ካረፈ 500 ኪሎፓስካል ይሆናል። ከላላ ደግሞ ያመልጣል፣ ያመለጠው እንደገና ይያዛል፣ እንደገና ያመልጣል፣ እና እያንዳንዱ ሙከራ ቲሹውን ይፍቀዋል። የሰበቃው መጠን 0.2 ነው ብንል፣ በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ 2 ኒውተን ለመጎተት 5 ኒውተን መጨመቅ ይጠበቅባችኋል። እርጥብ ቲሹ ያንሸራትታል፤ ጥርስ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ለአንጀት ሹል ጥርስ ተውት፤ ጫፉ የተደፈነ ሞገድ ይበቃል። መንጋጋው መሐል ላይ ረዘም ያለ ቀዳዳ ብትከፍቱ ቲሹው ትንሽ ገባ ብሎ ይያዛል፣ ብዙ ሳይጨመቅም አያመልጥም። ብቻ የቀዳዳውን ጠርዝና የመንጋጋውን ጎን በደንብ አክብቡት፣ ምክንያቱም ሰርጅን ወደ ጎን ሲጎትት የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ማጠፊያው አካባቢ ያለው ጭፍለቃ ነው። መንጋጋዎቹ እንደ መቀስ ስለሚዘጉ፣ ጫፉ ገና ሳይነካ ወደ ማጠፊያው የቀረበው ቲሹ ይጨፈለቃል። መንጋጋዎቹን ትይዩ አድርጎ የሚዘጋ አሠራር አለ፣ ግን በ5 ሚሊሜትር ውስጥ ብዙ ትናንሽ ሚስማር ያበዛባችኋል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል። እኔ የምመርጠው ከማጠፊያው በኩል ክፍተት መተው ነው፤ መንጋጋዎቹ ትይዩ የሚሆኑት በምትጠብቁት የቲሹ ውፍረት ላይ እንዲሆን፣ ከኋላም ቲሹ ወደ ማጠፊያው እንዳይገባ የሚከለክል ትንሽ ግድግዳ እንዲኖር። ለመፈተን ውድ ነገር አያስፈልግም። ለስላሳ የሲሊኮን ንጣፍ ላይ ቀለም ቀቡና በነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ አስነክሱት። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የወፈረበት ቦታ ነው ጫናው ያለው። ከኋላ ብቻ ጠቁሮ ጫፉ ባዶ ከሆነ፣ ወደ ሥዕሉ ተመለሱ።

ኃይሉን ለመገደብ እጀታው ውስጥ ከመጎተቻው ጋር በተከታታይ ሞላ አስገቡ። ሰርጅኑ ጨክኖ ቢጨምቅ ትርፉን ሞላው ይወስደዋል። ነገር ግን እጀታው ላይ ለክታችሁ አትርኩ። መንጋጋው በተከፈተበት መጠን ኃይሉ ይለያያል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ፣ በቀጭንም በወፍራምም ነገር ለኩ። ራቼት (መንጋጋውን እንደተዘጋ ቆልፎ የሚይዝ ጥርሳም መቆለፊያ) ለሐሞት ከረጢት ጥሩ ነው፤ ለአንጀት ከሆነ ወይ ይቅር፣ ወይ በአንድ ጣት የሚለቀቅ ይሁን።

እጀታውን ትልቅም ትንሽም እጅ ያላቸው ሰርጅኖች፣ ጓንት አድርገው ይሞክሩት፤ አውራ ጣት ቀለበቱ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይደነዝዛል። ዘንጉ የማያብረቀርቅ ይሁን፣ አለዚያ የካሜራውን ብርሃን መልሶ ምስሉን ያበላሸዋል። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ስለሚነፋ ዘንጉ ውስጥ ጋዝ የሚይዝ ላስቲክ ያስፈልጋል፤ አታጥብቁት፣ ያለችውን ትንሽ ስሜትም ይወስዳታል። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ከሆነ ኤሌክትሪኩን የሚከልለውን የዘንጉን ሽፋን ጤንነት እንደ ዋና ጉዳይ ያዙት፣ ምክንያቱም ስንጥቋ ከካሜራው እይታ ውጪ አንጀት ልታቃጥል ትችላለች።

ተደጋግሞ የሚያገለግል ከሆነ ተፈታትቶ የሚታጠብ ይሁን፣ ወይም ውኃ የሚገፋበት ቀዳዳ ይኑረው። ደም የደረቀበት ዘንግ 134 ዲግሪ ሴልሺየስ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ቢገባም መምከኑን ማመን አይቻልም። የአደጋ ትንተናችሁን በአይኤስኦ 14971 (የሕክምና መሣሪያዎች አደጋ አያያዝ ዓለም አቀፍ መስፈርት) መሠረት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ፤ መጨረሻ ላይ የሚሞላ ቅጽ አታድርጉት።

ናሙናው ሲደርስ በእንስሳ አንጀት ላይ ሞክሩ፣ ከያዛችሁበት ቦታ ላይም ቆርጣችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ከዚያ ሆን ብላችሁ ስበሩት። እጀታውን እስኪሰበር ጨምቁና የቱ ክፍል ቀድሞ እንደሄደ እዩ። መንጋጋው ወይም ማጠፊያው ሚስማር ከሆነ ያ ቁራጭ ሆድ ውስጥ ይወድቃል። ቀድሞ የሚሰበረው ወይም የሚያመልጠው ክፍል ከሰውነት ውጪ፣ እጀታው ውስጥ እስኪሆን ድረስ ጫፉን አጠንክሩ።